የተሰነጠቀ ምድጃ በላስታ ደጋ



ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ብርዱን ለመከላከል በር ሲዘጋ ማገዶው በሚገባ ሳይነድ ይቀርና ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ይበዛል። የምድጃው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጢሱ ሾልኮ እናትና ሕፃን ከተኙበት ይደርሳል።

ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን አያዛልቅም፤ ሲሚንቶ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ያሰረውን ውኃ እያጣ ይፈረፈራል። ሸክላ አፈር ግን በእሳት ይጠነክራል። ስለሆነም ምድጃው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ የላላው ይፋቅ፤ ስንጥቁ በውኃ ይርጠብ፤ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይሞላ፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ የመጀመሪያው እሳትም አነስተኛ ይሁን።

ጭቃ ማቡካቱን የላስታ እናቶች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው የጢስ መውጫውን መጨመር ነው።