ጢም ያበቀለ ተማሪ ለተማሪዎች ኮሚቴ ቢወዳደር

(ሾዋክ ለማታ ትምህርት ተማሪዎች ስብሰባ ከተደረገ ንግግር)



እኛ ለተማሪዎች ኮሚቴ ምርጫ ስማችንን ያስመዘገብን፣ በዕድሜ ገፋ ያልን ተማሪዎች ነን። ስማችን በተለጠፈ ማግስት ሻይ ቤት የተባለውን ሰምተናል። «እነዚህ ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ወንበር ይሻማሉ?» ተብሏል። አልተቀየምንም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ለመወዳደር ያነሣሣን የሰሊጥ አጨዳ ነው። በገዳሪፍ እርሻ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ከተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጫጅ በጥድፊያ ይፈለጋል። ቤተሰብ ያለው ሰው ለዓመት ልብስና ለዕዳ የምትሆነውን ገንዘብ የሚያገኘው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ባለፈው ዓመት ከእርሻ ስንመለስ የብዙዎቻችን ስም ከመዝገብ ተሰርዞ ቆየን። ደንቡ በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። ሲወጣ ግን ከኮሚቴው ውስጥ ማጭድ ይዞ የሚያውቅ አልነበረምና ስለ አጨዳ ያነሣ አልተገኘም። ከእኛ አንዷ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የቀረውን ጊዜ በመስኮት በኩል ቆማ ተማረች። ፈተና ግን በመስኮት አይሰጥም።

ሥራና ኑሮ ያየ ሰው ወደ ተማሪዎች ጉባኤ መግባቱ ላገራችን እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሠሩ። የገጠሩን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ፤ ያዩትንም ይዘው ወደ ተማሪው ክርክር ገቡ።

ጥላሁን ግዛው ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት በ1961 ዓ.ም. ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። በ1962 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ተመረጠ። ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። የእኛ ኮሚቴ የጠመኔና የፋኖስ ኮሚቴ ነው፤ ከዚያ ጋር አናስተያየውም። ይህን ያነሣነው ከመካከላችን አንዳንዶች በልጅ መሸነፍን ፈርተው ስማቸውን ሊያስፍቁ ስለነበረ ነው።

ልምድ አለን እንላለን። እድር መርተናል፣ በራሽን ሰልፍ ላይ ጠብ አብርደናል፣ አቤቱታ መጻፍና ቃለ ጉባኤ መያዝ እናውቃለን። ይህ ልምድ ግን ጉድለትም አለበት፤ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት እንናገረው። ካሁን ቀደም ከእኛ አንዱ የክፍል ተጠሪ ሆኖ ነበር። ስብሰባውን በገዛ ቤቱ፣ ከመሸ በኋላ፣ በቡና ላይ አደረገው። ሴቶች ልጆች በዚያ ሰዓት ከቤት መውጣት አልቻሉም። የመጡትም ወጣቶች ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ስለለመዱ ዝም አሉ። እሱ ደግሞ ዝምታቸውን እሺታ ነው ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ብንመረጥ ስብሰባ በክፍል ውስጥ፣ ከትምህርት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ይሆናል። አስቀድሞ የሚናገረውም በዕድሜ ታናሹ ነው። ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል፤ ይክፋው።

አንድ ነገር ይቀረናል። በክፍል ውስጥ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ትሉናላችሁ። አክብሮቱን እንወደዋለን፤ በምርጫ ቀን ግን ይከብዳችኋል። ጋሼ ፊት ለፊት ቆሞ «ምረጠኝ» ሲል እንቢ የሚል ልጅ ማን ወላጅ አሳድጓል? ስለዚህ እጅ በማውጣት መምረጥ ይቅር ብለን መምህራኑን ጠይቀናል፤ እሺ ብለውናል። ዓርብ ጠዋት ክዳኑ የተበሳ የዘይት ጣሳ ከጥቁር ሰሌዳው ኋላ ይቀመጣል። አንድ በአንድ ትገባላችሁ፤ ስም ጽፋችሁ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ ትከታላችሁ። እኛ በዚያ ሰዓት ከግቢው ውጭ፣ ከኒም ዛፉ ሥር እንቀመጣለን።