የገደል ማሚቶ ከጋላክሲ መካከል



ስለ ሕክምና እንድናገር ነበር የተጋበዝኩት። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ጥቁር ጉድጓድ ላውራችሁ። ጥፋቱ የልጄ ነው።

ባለፈው ዓመት ሕክምና የሚያስገባ ውጤት አምጥታ፣ "እኔ ፊዚክስ ነው የምማረው" አለችኝ። "ማንን ያድናል?" ብዬ ተቆጣኋት። ሁለት ሳምንት ያህል ተኮራረፍን።

አንድ ማታ ከተረኛነት ስመለስ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ጠበቀችኝ። "እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ስሚኝ።"

በትልልቅ ጋላክሲዎች መካከል ከፀሐይ በሚሊዮን፣ አንዳንዴም በቢሊዮን እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። የሚስበው ጋዝ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ዙሪያውን እየተሽከረከረ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ዲስክ ይሠራል። ጋዙ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ ያበራል። ፀሐይ ከምታነደው ሃይድሮጂን ወደ ኃይል የሚለወጠው አንድ በመቶ አይሞላም፤ ዲስኩ ግን ከሚገባው ጋዝ አሥር በመቶ ያህሉን ሊለውጥ ይችላል። ማርተን ሽሚት በ1963 እ.ኤ.አ. ርቀቱን የደረሰበት 3ሲ 273፣ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ማዶ ሆኖ በመለስተኛ ቴሌስኮፕ የሚታየው ለዚህ ነው።

"ጉድጓዱ ካልታየ ክብደቱን በምን አወቁት?" አልኳት።

"የዲስኩ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል። ራቅ ብሎ የከበበው ጋዝም ብርሃኑ ሲደርሰው፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፣ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። መዘግየቱ ርቀቱን ይነግረናል፤ የጋዙ ፍጥነት ሲጨመርበት የጉድጓዱ ክብደት ይወጣል።"

ዝም አልኩ። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። በአልትራሳውንድ በየቀኑ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያው ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶው የዘገየበትን ይቆጥራል፣ እኔ ሕፃኑን አያለሁ። ያ መሣሪያ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. በክሪስታል ላይ ባገኙት ነገር የቆመ ነው። ያኔ እነሱንም "ማንን ያድናል?" ያላቸው ሰው ይኖር ይሆናል።

ልጄ ዘንድሮ ፊዚክስ ገብታለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም "ሥራ ታገኝ ይሆን?" እያልኩ ሌሊት እባንናለሁ። ግን እንደገና አልከለክላትም።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎበዝ ተማሪ ወዳችሁ ሲመጣ "ተሳስተሽ ነው ወይ?" አትበሉብን። እኛ ወላጆች ያልነው ይበቃል።