«በነጠብጣቡ መስመር ላይ መፈረም»



እንግሊዞች ስለ ውል ሲነጋገሩ «ሳይን ኦን ዘ ዶትድ ላይን» የሚሉት አባባል አላቸው። ቃል በቃል ሲተረጐም በነጠብጣቡ መስመር ላይ መፈረም ማለት ነው። መነሻው ከታተመ ቅጽ ግርጌ ለፊርማ የሚተወው በነጥቦች የተሰመረ ቦታ ነው። ዛሬ ግን ወረቀቱ ነጠብጣብ ኖረውም አልኖረውም፣ አንድ ሰው በሕግ ፊት ግዴታ ገባ ለማለት ይነገራል። በአባባሉ ውስጥ የተሸሸገ ስሜትም አለ። ቅጹን ያዘጋጀውና ቃሉን የመረጠው ሌላው ወገን ነው፤ ለፈራሚው የቀረችለት ያቺ መስመር ብቻ ናት። ሻጭ «እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙ» ሲል ትልቁን ነገር ትንሽ ማስመሰሉ ነው።

ትንሽ አለመሆኑን በዌልስ፣ በላንዲድኖ ከተማ ቡና ቤት የነበራት ሌስትሬንጅ የተባለች ሴት በሚገባ አይታዋለች። ግራኮብ ከተባለው ድርጅት ሲጋራ የሚሸጥ መኪና ስትገዛ፣ በቡናማ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ውል ሳታነብ ፈረመች። መኪናው ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። ውሉ ግን በውስጡ ያልተጻፈ ማናቸውም ዋስትና ቀሪ ነው ይል ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ይግባኝ ሰሚው እ.ኤ.አ. በ1934 ፍርዱን ገለበጠው። ማታለል ከሌለ በቀር የፈረመ ሰው አነበበም አላነበበም በውሉ ይገደዳል ተባለ። ከዳኞቹ አንዱ ሞም በውሳኔው እያዘኑ ነበር የተስማሙት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን የኃላፊነት ማስቀሪያ ቃል ገደበው እንጂ የፊርማውን መርሕ አልሻረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የዕውርንና ማንበብ የማይችልን ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት የሚያጸናው፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ሲረጋገጥ ነው። ማንበብ እየቻለ ሳያነብ የሚፈርመውን ግን ይህ ድንጋጌ አይደርስለትም።

ተርጓሚው ታዲያ ምን ይበል? «በነጠብጣቡ ላይ ፈረመ» ቢል አንባቢው ነጠብጣብ ፍለጋ ይገባል። አማርኛ «ውል አሰረ» የሚል የራሱ አነጋገር አለው፤ ውል ደግሞ የክር ጫፍም ስም ነውና ማሰሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። እንደየአገባቡ «ውሉን ፈረመ»፣ «በፊርማው ራሱን አሰረ» ማለት ይበቃል። በሻጩ አፍ ሲነገር ግን «ብቻ» የምትለው ቃል መቅረት የለባትም፤ ማባበያው ያለው በእርስዋ ውስጥ ነውና።

አስቸጋሪው በስፖርት ዜና የሚገኘው ነው። እንግሊዝኛው ተጫዋቹ በዋጋው ተስማምቷል፣ በነጠብጣቡ መስመር ላይ ግን ገና አልፈረመም ሲል፣ «ተጫዋቹ ተስማማ» ብሎ መተው ዜናውን ያፋልሳል። ያ ተጫዋች በማግሥቱ ለሌላ ክለብ ሊፈርም ይችላል።