ያገለገለ የቤተሰብ መኪና፦ ከብድሩ እስከ ሊብሬው

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ያገለገለ መኪና ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ሦስት ልጆች፣ አንዳንዴም አያት የሚጨመሩበት ቤተሰብ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚሆነውን መኪና እንዴት ይምረጥ? ገንዘቡንስ ከየት ያምጣ? ሥራዬ መኪና መመርመርና ዋጋ መገመት ነው፤ ብዙ ጊዜ የማየው፣ ሰው መኪናውን ወዶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ከዚያ ገንዘብ ፍለጋ ሲሮጥ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር።

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና አይከስርም» የሚል እምነት አለ። እምነቱ እንዲያው ከመሬት አልተነሳም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ጥር ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። በዚህ ሁሉ መሀል የቤንዚን መኪና የነበረው ሰው ተኝቶ ሲነሳ ዋጋው ጨምሮ አገኘው። ግን ልብ በሉ፤ መኪናው አልጨመረም፣ ብሩ ነው የወረደው። የሸጠው ሰው ተመሳሳይ መኪና ልግዛ ቢል ያንኑ ዋጋ ነው የሚጠየቀው። ጎማው ያልቃል፣ ሞተሩም ያረጃል። «ነገ ይጨምራል» ብሎ በወለድ ተበድሮ መኪና መግዛት ለነጋዴ እንኳ ያሰጋል፤ በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ደግሞ ጨርሶ አልመክረውም። መኪና የምትገዙት ልትነዱት ይሁን።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ይህን ጻፉ። 800,000 ብር ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ መክፈያው አራት ዓመት ቢሆን፣ ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ የወር ክፍያችሁ 23,500 ብር ገደማ ይሆናል። ጨርሳችሁ ስትከፍሉ ከእጃችሁ የወጣው 1,128,000 ብር ነው፤ 328,000ው ወለድ ነው። ይህንኑ ብድር በሁለት ዓመት ብትጨርሱት ወርሃዊው ወደ 40,000 ብር ይጠጋል፣ ወለዱ ግን ከ160,000 ብር በታች ይወርዳል። አሁን ደግሞ ሌላ አበዳሪ መጥቶ «እኔም ጋ 18 በመቶ ነው» ይላችኋል፤ ነገር ግን ወለዱን የሚያስበው እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 800,000 ላይ ነው። ያኔ የአራት ዓመቱ ወለድ 576,000 ብር ይሆናል፣ ወርሃዊው ከ28,600 ያልፋል። በቃል የተነገራችሁ መቶኛ አንድ ነው፤ በኪሳችሁ ላይ ያለው ልዩነት ግን ሩብ ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። ስለዚህ አበዳሪውን «ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው?» በሉት፣ የየወሩን የክፍያ ሠንጠረዥም በወረቀት ተቀበሉ።

ባንክ ጋ ስትሄዱ የምትደነግጡበት ሌላም ነገር አለ። ባንኩ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ አይደለም፤ የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ያንሳል፣ ከግምቱም ላይ የሚሰጠው የተወሰነውን ድርሻ ነው። መኪናው ካረጀ ከነጭራሹ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ሊብሬው በዕዳ እስኪያዝ፣ ሙሉ መድን እስኪገባ ድረስ ያለውንም ወጪ አስቡት። ወለድ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይፈልግ አድማጭ የሙራባሃ አገልግሎትን ይጠይቅ፤ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በቁርጥ ዋጋ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥላችኋል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉት ባንኮችም፣ ሌሎቹ ባንኮች የከፈቷቸው ከወለድ ነፃ መስኮቶችም አሉ።

ዕቁብን የሚንቅ ሰው ይገርመኛል። 20 ሰው በወር 50,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ለባለ ዕጣው አንድ ሚሊዮን ብር ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰው ሰው በእርግጥ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ለሌሎቹ ያለ ወለድ አበድሮ፣ በመሀሉ የመኪና ዋጋ ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ ዕጣው ዘግይቶ ሊወጣ እንደሚችል አስባችሁ ግቡ፣ ዳኛውንና ዋሶቹን ዕወቁ። የመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለም ከባንክ በፊት እሱን አንኳኩ።

አሁን ገንዘቡ ተለየ እንበል። ሁሉንም በመኪናው ላይ አታፍስሱት፤ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ያዙ። የገዛችሁት መኪና በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይትና ፊልትሮ መጠየቁ አይቀርም፤ የስም ዝውውሩም ወጪ አለው። ያ ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት ሚሊዮን ብር የወጣበት መኪና ደጅ ላይ ቆሞ ልጆቹ በሚኒባስ ይሄዳሉ።

የትኛውን እንምረጥ? እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም የተለየ የራሳችን ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እንግዲህ አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ እዚህ ስትነዳ ከጉልበቷ ከአንድ አምስተኛው በላይ ጎድሎባት ነው። ለብቻው ሥራ ለሚመላለስ ሰው ምንም አይደለም። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭና የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ግን በአንደኛ ማርሽ ስትጮህ ትሰሟታላችሁ፤ የሞተሩም ዕድሜ ያኔ ነው የሚያጥረው። ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ቤተሰብ ከ1.3 ሊትር በታች ባይወርድ እመርጣለሁ።

ስለ ቪትዝ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም። ቪትዝ ቶዮታ በፈረንጆቹ እስከ 2020 ለጃፓን ገበያ ይሠራት የነበረች ናት፤ ለአውሮፓ ትሄድ የነበረው ያሪስ ተብላ ነው። ጃፓን የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ የቪትዝ መሪ ከፋብሪካው ሲወጣ በቀኝ ነው። እኛ አገር መሪዋ በግራ ሆኖ ካያችኋት በኋላ የዞረ ነው ማለት ነው። ሲዞር ክሩስኮቱ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሬኑ ሥርዓትና የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ ተነካክቷል። በደንብ የተሠራም አለ፣ በሽቦ የታሰረም አለ። መካኒካችሁ ከክሩስኮቱ ሥር በባትሪ ያብራ። ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባግ ምልክቱ በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ዋጋው ተመሳሳይ ሆኖ ያሪስ ከተገኘ እኔ ያለ ማመንታት ያሪስን እወስዳለሁ።

ኮሮላ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ሰፊ ናት፣ ፖርታባጋሊዮዋ ያለ ጭንቀት የሳምንት አስቤዛ ይይዛል፣ ዕቃዋ በየተራው አለ፣ የማይሠራት መካኒክም የለም። ከፈረንጆቹ 2000 እስከ 2005 አካባቢ የተሠሩት ላይ ያለው የዜድ ዜድ ሞተር ግን ዘይት በመብላት ይታወቃል። ዘይቱን ለኩ፤ ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ዲዛየርም ለከተማ ጥሩ ናት፣ 1.2 ሊትር ሆና ነዳጅ ትቆጥባለች፤ ብዙዎቹ ግን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሆነው ቀን ከሌት የሠሩ ናቸው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ አሳይቶ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው ለስልሶ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ካያችሁ ቆጣሪው ውሸታም ነው።

ለምርመራ የምትሄዱት ጠዋት ይሁን፤ ለሻጩም «እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ሞቅ ካለ ቀድሞ አስነስቶታል፣ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፤ ወተት የመሰለ ነጭ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ይሆናል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። በፖርታባጋሊዮው ውስጥ ምንጣፉን አንሱና ብየዳ ፈልጉ፤ ከኋላ የተመታ መኪና ምስጢሩ እዚያ ነው። የጎማውን ዕድሜ ጎማው ራሱ ይነግራችኋል፤ በጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ኋለኛው ወንበር ላይ ሦስት የሚሠሩ ቀበቶዎች መኖራቸውን ደግሞ ልጆቹን ይዛችሁ ሞክሩት።

የኤሌክትሪክ መኪናን በአጭሩ ልለፈው፤ ለብቻው አንድ ዝግጅት ይገባዋል። ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ቤት ካለው ተራ ሶኬት፣ በ2.2 ኪሎ ዋት፣ ሙሉ ለመሆን ከ27 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ግን ሌሊቱን በአሥር ሰዓት ውስጥ የሚያገኘው ለአንድ ቀን የከተማ ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። የራሳችሁ ቆጣሪና መኪናው የሚያድርበት ግቢ ከሌላችሁ ግን ተዉት። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤና በመሣሪያ አስለኩ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ የመጣ ከሆነም ዋስትናው እዚህ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሞተር ቢበላሽ ይሠራል፤ የተበላሸ ወረቀት ግን መኪናውን ከነገንዘቡ ይወስደዋል። ሊብሬውን ሻጩ ስላሳያችሁ አትመኑ፤ መኪናው ፋይሉ ካለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን እዩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት በሁለቱ ስምምነት ይሸጥ ይላል። ዛሬ 500 ብር የሚሸጥ መኪና የለም፤ ስለዚህ «ሚስቴ አገር ውስጥ የለችም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የውክልና ወረቀቷን ጠይቁት።

ውክልና ካልኩ ዘንድ፣ «ስም አታዙሩ፣ ውክልና ልስጣችሁ» የሚል ደላላ አለ፤ ወጪ ይቀንሳል ይላችኋል። ውክልና ግን ባለቤት አያደርጋችሁም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፣ ሲፈልግም ሊሽረው ይችላል፤ ያኔ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ነው። ሽያጩን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተዋዋሉ፣ ክፍያውን በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር አድርጉ፣ ስሙን ወዲያው አዙሩ።

በዚህ ሳምንት ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀብዱን ለሁለት ቀን አዘግዩትና ነገ ጠዋት መጀመሪያ ፋይሉን አስፈትሹ።