ኳሱ ለልጆች፣ ወንበሩስ ለማን?

እሷ፦ ከ800 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ፓፑዋ ኒው ጊኒ ራግቢ ሊግ ብሔራዊ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዋንጫ መጫወት የጀመረው የአገሪቱ ክለብ ሀንተርስ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። በ2028 ደግሞ የአገሪቱ ቡድን ዋናውን የአውስትራሊያ ሊግ ይቀላቀላል።

እሱ፦ ለዚህም የአውስትራሊያ መንግሥት በ10 ዓመት 600 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊያወጣ ነው። ከፊሉ በፓስፊክ ደሴቶች ጨዋታውን ከታች ለማሳደግ ይውላል። እኔን የሚያስደስተኝ ይኸኛው ክፍል ነው፤ ታዳጊ ያላፈራ ሊግ ነገ ተጫዋች ከየት ያመጣል?

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ግን ገንዘቡን ማን ያስተዳድረዋል?

እሱ፦ አውስትራሊያ ይህን በመከራ ተምራለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሩፐርት መርዶክ ኩባንያና ነባሩ የራግቢ ሊግ ማኅበር በቴሌቪዥን መብት ተጣሉ። በ1997 ሁለት ሊጎች ጎን ለጎን ተካሄዱ፤ ክለብም ደጋፊም ተከፈለ። በ1998 ሊጉ አንድ ሲሆን ኩባንያው የግማሹ ባለቤት ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ የክለቦች ቁጥር ሲቀነስ፣ በ1908 የተመሠረተው ሳውዝ ሲድኒ ተባረረ። ደጋፊዎቹ በአስር ሺዎች አደባባይ ወጡ፤ ክለቡ በ2002 ተመለሰ። ሕዝቡ ባይጮህ ኖሮ የዚያ ሰፈር ልጆች ማልያቸውን አጥተው ይቀሩ ነበር!

እሷ፦ የአውስትራሊያን ሊግ የሚመራው ገለልተኛ ኮሚሽን የተቋቋመው በ2012 ነው፤ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ትልቅ እርምጃ ነው። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ ፖርት ሞርስቢም ከአሁኑ እንዲህ ያለ ቦርድ ያስፈልጋታል። ሒሳቡን በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ፤ የታዳጊዎችን በጀትም ማንም እንዳይነካው በደንብ ይጻፍ።