አራቱ ቅኝቶች በድረ ገጽ ላይ፦ ሙዚቃን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለማስተማር



ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ክሮም ሚውዚክ ላብ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። መመዝገብ አይጠይቅም፤ ክፍያም የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጨመረበት ሶንግ ሜከር ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው። ወደ ቀኝ ሲሄዱ ጊዜው ይገፋል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ድምፁ ይቀጥናል። ከግርጌ ያሉት ሁለት ረድፎች የምት ናቸው። ሳጥኑ ሲነካ ቀለም ይለብሳል፣ ድምፁም ይሰማል። ኖታ አይቶ የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የራሱን ዜማ ደርድሮ ለጓደኞቹ ሊያሰማ ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ መምህር ግን ትልቁ ጉዳይ ያለው ማስተካከያው ውስጥ ነው።

እዚያ ሦስት የድምፅ አደራደሮች ቀርበዋል፦ ሜጀር፣ ፔንታቶኒክና ክሮማቲክ። ፔንታቶኒክ ሲመረጥ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው። ይህ ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ከሆነው ከትዝታ ሜጀር ሌላ ምንም አይደለም። የጎጃም ልጅ ከሠርግ ቤት፣ ከሬዲዮና ከአዝማሪ ማሲንቆ ሲሰማው ያደገው ድምፅ፣ በባዕድ ስም ተጠርቶ ሰሌዳው ላይ ይጠብቀዋል። በእነዚህ አምስት ድምፆች መካከል ግማሽ ድምፅ ስለሌለ፣ ልጁ የትኛውንም ሳጥን ቢነካ ጆሮ የሚሻክር ነገር አይወጣም። ጀርመናዊው የሙዚቃ መምህር ካርል ኦርፍ ከልጆች ዛይሎፎን ላይ ፋንና ሲን አንስቶ ያስጀምር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው መምህሩ እዚያው ሲቆም ነው። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ሆኖም ፔንታቶኒክ በሚለው ምርጫ ውስጥ አይገኙም። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ ስለሆነ፣ ሜጀሩ ላይ ሬንና ላን በመዝለል ይሠራል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ። ከዶ ሲነሱ ሁለቱም የሚገኙት አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በሚያሳየው ክሮማቲክ ብቻ ነው። ሦስቱም ቅኝቶች ሁለት ሁለት ግማሽ ድምፅ አላቸው፤ ጣዕማቸውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ዝግጁ የሆነውን ምርጫ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አምስት ድምፅ ማለት ትዝታ ብቻ ነው ብሎ ያድጋል። ይህን ያህል ሀብት በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ማጣት ያስቆጫል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መምህሩ ክሮማቲክን ይመርጥና ከፕሮጀክተሩ ሸራ ጎን አምስት የወረቀት ቁራጮች ይለጥፋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአምባሰል የሚፈቀደውን ረድፍ ያመለክታል። ልጆቹ ከወረቀቱ ትይዩ ያሉትን ሳጥኖች ብቻ ይነካሉ። ቀጥሎ አንደኛው ቁራጭ ብቻ ይነቀልና ቦታው ይለወጣል፤ ክፍሉም ድምፁ ምን እንደሆነ ያዳምጣል። ምቱን ሁለት አድርጎ እያንዳንዱን በሦስት ሲከፍሉት ደግሞ ለእስክስታ የሚመች ስድስት ስምንተኛ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ድምፅ ማጉያ ይበቃል።

ድምፅን በዓይን ማየት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ሠርተዋል፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚሉትን የዜማ ቤት ተማሪ ዛሬም ያውቃቸዋል። ተማሪው ግን ምልክቱን የሚያነበው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ከተቀበለ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ለኮምፒውተሩም ይሠራል፦ መጀመሪያ ልጆቹ ይዝፈኑ፣ ክራር ካለ ክራር ይሰማ፣ ከዚያ ሰሌዳው ይከፈት።

መሣሪያው ከመምህሩ ሲቀድም ምን እንደሚሆን አገሪቱ አይታዋለች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለጥቂት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ኤክስኦ የተባሉት ትናንሽ ላፕቶፖች በሺዎች ተሰጥተው ነበር። ኤክስኦ ታምታም የሚባል የሙዚቃ መሥሪያ ነበረው። ብዙዎቹ መምህራን ግን ላፕቶፑን ከትምህርቱ ጋር የሚያዋህዱበት በቂ ሥልጠና ሳያገኙ መሣሪያው ተማሪው እጅ ገባ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ፣ ትያትርና ሥዕል የክወናና የእይታ ጥበባት ተብለው በአንድ መጽሐፍ ሲቀርቡ፣ የሥዕል ሰው የሆነው መምህር ቅኝትም እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ሥልጠናው ከእሱ መጀመር አለበት። ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው መምህራን፣ የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለዚህ ሩቅ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔትም በግልጽ መነገር አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በመስመር ላይ ብቻ የቆመ የትምህርት ዕቅድ ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ቀን ይቆማል። ደግነቱ፣ የክሮም ሚውዚክ ላብ ብዙዎቹ ሙከራዎች ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ባለሙያ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሊጭናቸው ይችላል። ጂኮምፕሪ የተባለው ነፃ የልጆች ፕሮግራምም አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የፒያኖና የምት ልምምዶች አሉት።

ሶንግ ሜከር ማይክሮፎንም አለው፤ ልጁ ሲዘፍን ድምፁን ለይቶ ሳጥኑን ራሱ ይሞላል። በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ሰሞን እንግጫ ሲነቅሉ የሚዘፍኑትን ዜማ በዚህ መንገድ ሰሌዳው ላይ ማስፈር ይቻላል። ሳጥኑ ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተተውን እስትንፋስ አይይዝም፤ የማሲንቆውንም ለዘብ ያለ እርግብግቢት እንዲሁ። ስለዚህ ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ያሰፈሩትንና እናቶቻቸው የሚዘፍኑትን ጎን ለጎን ሰምተው የጎደለውን ራሳቸው እንዲናገሩ ይደረግ። የዚያ ክፍለ ጊዜ ዋና ጥያቄ ይኸው ይሁን።