የማይደገም መለያ

አንደኛ አቅራቢ፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ የሚመዘገብ ነዋሪ የሚቀበለው ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሥርዓት ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ የኮምፒውተር አስኳል የሆነው ከርነል ግን ለሚያስነሣው መርሐ ግብር ሁሉ መለያን እንደ ምን ያድላል ይላሉ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሊኑክስ የተባለው ከርነል በተራ እየቈጠረ ይሰጣል፤ በቀደመው ልማዱ 32,768 ከሆነው ጣሪያ ሲደርስም፣ ባለቤቱ ያለፈበትን ቁጥር ለሌላ ያወርሳል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያስ ወራሹ በሟች ዕዳ አይያዝምን?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይያዛል እንጂ! አሮጌውን ለማስቆም የተላከ ትእዛዝ አዲሱን ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህ ከርነሉ የማይደገም መለያ ሲጠየቅ፣ ከ128 ቢት 122ቱን በዕጣ ያወጣል፤ ፋይዳም ዕድሜንም ሆነ ትውልድን የማይገልጥ የዕጣ አኃዝ ሲሆን፣ ከርነል በዕጣው ስፋት ብቻ ሲታመን፣ የፋይዳ መዝገብ ግን አሻራን ከአሻራ እያስተያየ ሰውየው ራሱ ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ ይጠብቃል።